የዋልተር ፒንከስ የሙያ ሕይወት፦ የአደባባይ ሰነድ አንባቢው ጋዜጠኛ

የብሔራዊ ደኅንነት ዘገባ የሚባለው የጋዜጠኝነት ዘርፍ መንግሥት ስለ ጦር ሠራዊቱ፣ ስለ ስለላ ተቋማቱና ስለ ውጭ ግንኙነቱ የሚወስነውን የሚከታተል ሲሆን፣ ከሌሎች ዘርፎች የሚለየው ዋናው መረጃ በሕግ የተከለለ፣ የሚያውቁትም ሰዎች እንዳይናገሩ የተከለከሉ በመሆናቸው ነው። ስለዚህም ብዙ አንባቢ የዘርፉ ጋዜጠኛ በሹክሹክታና በስውር ቀጠሮ ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል። ለአሥርተ ዓመታት በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የጻፉት አሜሪካዊው ዋልተር ፒንከስ ግን ከባድ ምስጢር መንግሥት ራሱ አትሞ ባወጣው፣ ነገር ግን የሚያነበው ባጣ ወረቀት ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል በሥራቸው አሳይተዋል።

ፒንከስ በ1932 እ.ኤ.አ. (ቀጥለው ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ብሩክሊን ተወልደው፣ በ1954 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው፣ በጦር ሠራዊቱ የፀረ ስለላ ክፍል አገልግለዋል። ወደ ፖስት የገቡት በ1966 ነው። ለሙያቸው መሠረት የጣለው ግን በሴናተር ዊልያም ፉልብራይት ይመራ በነበረው የሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሥር ሁለት ጊዜ በመርማሪነት መሥራታቸው ይመስላል። ሁለተኛው ምርመራ የተካሄደው በሴናተር ስቱዋርት ሳይሚንግተን ንዑስ ኮሚቴ ሲሆን፣ ዓላማውም አሜሪካ ሕዝቧ ሳያውቅ ለሌሎች አገሮች የገባችውን ወታደራዊ ቃል ማጣራት ነበር። ከተመረመሩት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ በ1970 በተደረገው የምስክርነት ስብሰባ አሜሪካ በአሥመራ ለነበራት የቃኘው የመገናኛና የመረጃ ጣቢያ ስትል ለአርባ ሺሕ የኢትዮጵያ ጦር ድጋፍ ለመስጠት በ1960 የገባችው ቃል ለሕዝብ እንዲታወቅ ሆኗል።

ይህ ልምድ ፍሬውን ያሳየው በ1977 ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ በጀት ሲያጸድቅ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የሚሰጡት ቃል፣ ምስጢራዊው ክፍል ተቆርጦ፣ በረጃጅም ጥራዞች ይታተማል። ፒንከስ የኃይል ምርምርና ልማት አስተዳደር ለተባለው መሥሪያ ቤት የተጠየቀውን በጀት ሲያገላብጡ፣ ጨረሩ ከፍ እንዲል ተደርጎ ስለተሠራ የላንስ ሚሳኤል አረር የሚናገር ሐረግ አገኙ። ይህ መሣሪያ የኒውትሮን ቦምብ ተብሎ የታወቀው ሲሆን፣ ፍንዳታውና ሙቀቱ ከመደበኛው የኑክሌር ቦምብ ተቀንሶ ጨረሩ ሰውን እንዲገድል የታቀደ፣ በአውሮፓም የሶቪየት ታንከኞችን ለመመከት የታሰበ ነበር። በሰኔ የወጣው ዘገባ በአሜሪካም በአውሮፓም ብርቱ ክርክር አስነሣ፤ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርም በሚያዝያ 1978 ምርቱን አዘገዩ። ሮናልድ ሬገን በ1981 እንዲመረት ቢወስኑም፣ በመካከሉ የነበረው ክርክር በጀት አንባቢ ባይኖር ኖሮ ባልተጀመረ ነበር።

ያገኙትን መጻፍ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የጋዜጣ አዘጋጆች ለዘገባው የሚሰጡት ቦታ ክብደቱን ይወስናል። የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ፒንከስ የአሜሪካ የስለላ ተቋማት ኢራቅ አላት ስለተባለው የተከለከለ መሣሪያ ብዛትና ሥፍራ ተጨባጭ ዝርዝር ማቅረብ እንዳልቻሉ ጻፉ። አዘጋጆቹ አመነቱ፤ የሥራ ባልደረባቸው ቦብ ውድዋርድ ገፋፍተው መጋቢት 16 ቀን 2003 ቢወጣም፣ የተቀመጠው በ17ኛው ገጽ ላይ ነበር። ጋዜጣው በነሐሴ 2004 ባወጣው የራሱ ምርመራ እንዲህ ያሉ ጥርጣሬ ያነገቡ ዘገባዎች የሚገባቸውን ቦታ እንዳላገኙ ገልጿል። አንድ አገር ወደ ጦርነት ስትገባ በፊተኛው ገጽ ሊነበብ የሚገባው እንዲህ ያለው ጽሑፍ ነበር።

የሙያው ከባዱ ጥያቄ ከምንጭ ጋር የተያያዘ ነው። ስሙ እንዳይገለጥ ቃል የተገባለትን ሰው ጋዜጠኛ አሳልፎ መስጠት የለበትም፤ ፍርድ ቤት አዝዞ እምቢ ካለ ግን ችሎት በመድፈር ሊቀጣ ይችላል። የኑክሌር ሳይንቲስቱ ዌን ሆ ሊ ስለ እርሱ የግል መረጃ ለጋዜጦች አሾልኮ ሰጥቷል ሲል መንግሥትን በከሰሰ ጊዜ፣ ፒንከስ ምንጮቻቸውን ባለመናገራቸው በ2005 ይኸው ፍርድ ተላልፎባቸዋል። ጉዳዩ በ2006 በስምምነት ሲዘጋ ፖስትን ጨምሮ አምስት የዜና ድርጅቶች የካሳውን ከፊል ከፍለዋል። በዚህ ጉዳይ በምስጢር ከለላው የተጠቀመው ደካማው ወገን ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ላይ ጥርጣሬ ያስፋፋው ባለሥልጣን ስለነበር፣ መርሁን የሚያከብር ሰው ሁሉ ይህን መዘንጋት የለበትም።

ፒንከስ በ68 ዓመታቸው ከጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ዲግሪ አግኝተዋል፤ በ2002 የፑሊትዘር ሽልማት ከተሸለመው የፖስት ቡድንም አንዱ ነበሩ። በ2015 መጨረሻ ከጋዜጣው ከተለዩ በኋላም መጻፍ አላቋረጡም። በ2021 ያሳተሙት መጽሐፍ አሜሪካ ከ1946 እስከ 1958 በማርሻል ደሴቶች ያካሄደቻቸውን 67 የኑክሌር ሙከራዎች፣ በተለይም በመጋቢት 1954 በተፈነዳው ቦምብ ብናኝ የተጎዱትን፣ በ1957 ወደ ደሴታቸው ተመልሰው በ1985 ዳግም ለመሰደድ የተገደዱትን የሮንጌላፕ ነዋሪዎች ይመለከታል።