ዘጠኝ ባይት፦ ካሜራን ከሩቅ ለማዘዝ የቱ መንገድ ይሻላል?

በኮልፌ ቀራንዮ ትልቅ ጉባኤ ወይም ክብረ በዓል በቀጥታ የሚያስተላልፍ ቡድን መጀመሪያ የሚጨነቀው ካሜራው ስለሚቆምበት ቦታ ነው። የተለመደው መፍትሔ ቆጥ ነው፤ ከአጠና ተራ የተገዛ ባሕር ዛፍ በምስማር ይመታል፣ ሳንቃ ይነጠፍበታል፣ ካሜራማኑም ከነባለሦስት እግሩ ይወጣበታል። ካሜራማኑ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ባዛወረ ቁጥር ቆጡ ይነቃነቃል፤ ሌንሱ ሩቅ ያለ ፊት አቅርቦ ከያዘ ደግሞ ንቅናቄው በስክሪኑ ላይ ጎልቶ ይታያል። ከኋላ የቆመው ሕዝብም ከመድረኩ ይልቅ የካሜራማኑን ጀርባ ሲያይ ይውላል።

ከሩቅ የሚታዘዘው ካሜራ ተፈላጊ የሆነው ለዚህ ነው። በሙያው «ፒቲዜድ» ይባላል፤ በውስጡ ባሉት ሞተሮች ወደ ጎን ይዞራል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያዘነብላል፣ ሩቁን አቅርቦ ያያል። ክብደቱ ጥቂት ኪሎ ስለሆነ ምሰሶ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ይታሰራል። አንድ ባለሙያ በጎን ክፍል ተቀምጦ በአንድ ጆይስቲክ ሦስትና አራት ካሜራ ያዛል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እያንዳንዱ ካሜራ ከኋላው የሚቆም ሰው ይፈልግ ነበር፤ ዛሬ በጥቂት ሰው የሚንቀሳቀስ ቡድን ብዙ ካሜራ ሊያሠራ ይችላል።

ካሜራ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ሌንሱና ስለ ምስሉ ጥራት ነው። ትእዛዙ በምን መንገድ ካሜራው ዘንድ ይደርሳል የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ዕቃው ከካርቶኑ ከወጣ በኋላ ነው። በቀጥታ ስርጭት መካከል ቡድኑን የሚያሳፍረው ደግሞ በአመዛኙ ይኸው የተዘለለው ጥያቄ ነው።

ምስሉና ትእዛዙ

በካሜራውና በመቆጣጠሪያ ክፍሉ መካከል ሁለት ነገር ይመላለሳል። ከካሜራው የሚመጣው ምስል ነው፤ ወደ ካሜራው የሚሄደው ትእዛዝ ነው። ሁለቱ በመጠን ጨርሶ አይቀራረቡም። ያልታመቀ የኤችዲ ምስል በኤስዲአይ ኬብል ሲጓዝ በሰከንድ 1.485 ጊጋቢት ይወስዳል። ሶኒ ባዘጋጀውና ሌሎች አምራቾችም በተቀበሉት «ቪስካ» በተባለ የማዘዣ ቋንቋ ግን «በዚህ ፍጥነት ወደ ግራ ዙር» የሚለው ትእዛዝ 9 ባይት ብቻ ነው። በሰከንድ 9600 ቢት በሚያሳልፍ አሮጌ የሲሪያል መስመር እንኳ ይህ ትእዛዝ ከ10 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልፋል።

ስለዚህ ለማዘዣው መስመር ፍጥነት መግዛት ትርፍ ወጪ ነው። የሚፈለገው ትእዛዙ ሳይዘገይ መድረሱ፣ ሁልጊዜም በተመሳሳይ ጊዜ መድረሱ፣ መንገድም ላይ አለመቅረቱ ነው። በወረቀት ላይ እጅግ ፈጣን የሆነ መንገድ በእነዚህ በሦስቱ ሊወድቅ ይችላል።

ምክንያቱ ካሜራው በሚታዘዝበት መንገድ ውስጥ አለ። ጆይስቲኩን ወደ ግራ የገፋ ሰው «ዙር» ብሎ ያዛል፤ ጆይስቲኩን ወደ መሐል ሲመልስ «ቁም» የሚል ሌላ ትእዛዝ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ካሜራው ራሱን ችሎ ይዞራል። «ዙር» መንገድ ላይ ቢጠፋ ባለሙያው ደግሞ ይገፋል፤ ጉዳቱ ቀላል ነው። «ቁም» ከጠፋ ግን ካሜራው መዘምራኑን አልፎ፣ መጋረጃውን አልፎ መዞሩን ሊቀጥል ይችላል። ትእዛዙ ሳይጠፋ ዘግይቶ ቢደርስም ችግር አለው። ካሜራው ከታሰበው ቦታ ያልፋል፣ ባለሙያው መልሶ ይጎትተዋል፣ እንደገና ያልፈዋል፤ ተመልካች ቤት የሚደርሰው ምስል ማረፊያ ያጣ ይሆናል።

ከሲሪያል ወደ አይፒ

የቆየው መንገድ ሲሪያል ነው። «አርኤስ-232» የሚባለው እስከ 15 ሜትር ገደማ ለሚደርስ ርቀት የታሰበ ነው፤ «አርኤስ-422» ደግሞ በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል። ቪስካ በሲሪያል ሲሠራ ካሜራዎችን ከአንዱ ወደ ሌላው እያያያዙ እስከ 7 ድረስ በአንድ መስመር ማዘዝ ይቻላል። መስመሩን የሚጋራው ሌላ ዕቃ ስለሌለ ትእዛዙ ወረፋ አይጠብቅም። ጉድለቱ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የተለየ ኬብል መፈለጉና በሰንሰለቱ መካከል አንዱ መያያዣ ቢላቀቅ ከእሱ በኋላ ያሉት ካሜራዎች ሁሉ መደንቆራቸው ነው። ካሜራዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ፣ ኬብሉም ቀድሞ ከተዘረጋ፣ ሲሪያልን አሮጌ ነው ብሎ መጣል ግን አያስፈልግም።

አዲሱ መንገድ አይፒ ነው። ካሜራው እንደ ኮምፒውተር አድራሻ ይሰጠውና ወደ ስዊች ይሰካል። በዚህ መንገድ የሚሄደው ቪስካ ያንኑ አጭር ትእዛዝ በ8 ባይት መጠቅለያ አድርጎ በዩዲፒ፣ በ52381 በር በኩል ይልከዋል። ዩዲፒ ከጋራ ወደ ጋራ እንደሚጣራ ሰው ነው፤ ድምፁን ይለቃል እንጂ መሰማቱን አያረጋግጥም። ሶኒ ይህን ለማካካስ በመጠቅለያው ውስጥ ተራ ቁጥር አስገብቷል፤ መቆጣጠሪያው መልስ ካልመጣለት የቱ ትእዛዝ እንደቀረ አውቆ ሊደግመው ይችላል። ሁሉም መቆጣጠሪያ ግን ይህን አያደርግም፤ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበትም ይህ ነው።

ፓናሶኒክ በሌላ መንገድ ሄዷል። ካሜራዎቹ ትእዛዝ የሚቀበሉት የኢንተርኔት ገጽ በሚከፈትበት በኤችቲቲፒ፣ ማለትም በቲሲፒ ላይ ነው። ቲሲፒ የጠፋውን ራሱ ይደግማል። ዋጋው መዘግየት ነው፤ መስመሩ ሲጨናነቅ የዘገየው ትእዛዝ ተከታዮቹን ይዞ ይቆምና አንድ ላይ ይደርሳሉ። በጥሩ ኬብል ሁለቱም መንገዶች ያገለግላሉ፤ ልዩነታቸው የሚታየው መስመሩ ሲደክም ነው።

ትላልቆቹ የስቱዲዮ ካሜራዎች ደግሞ የራሳቸው ወግ አላቸው። ከእያንዳንዱ ካሜራ ጀርባ «ሲሲዩ» የሚባል ሣጥን አለ፤ ምስሉን፣ ትእዛዙን፣ ኤሌክትሪኩንና ካሜራው አየር ላይ መሆኑን የሚያሳየውን ቀዩን የታሊ መብራት አንድ ላይ የሚያገናኘው እሱ ነው። በዘመናዊዎቹ ሁለት የብርሃን ክሮችና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች በአንድ ኬብል ውስጥ ተጠቃለው ይሄዳሉ። ባለሙያው በአነስተኛ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ አይሪሱን፣ ጥቁሩንና የቀለሙን ሚዛን ያስተካክላል፤ ሰሌዳው ከሲሲዩው ጋር በሲሪያል ወይም በኔትወርክ ይገናኛል። እዚህ ላይ የመዘግየት ጉዳት ከመዞሩ ይቀንሳል፤ የመብራት ለውጥን መከተል እንጂ የሚራመድ ሰውን መከተል አይደለምና።

ኬብሉና መብራቱ

አይፒን ለአዲስ አበባ ቡድን ተመራጭ የሚያደርገው አንድ ትልቅ ምክንያት ኤሌክትሪክ ነው። ያው የኔትወርክ ኬብል ለካሜራው ኃይል ሊያደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 802.3ኤኤፍ የተባለ ደረጃ ከስዊቹ 15.4 ዋት ይሰጣል፤ በ2009 የወጣው 802.3ኤቲ 30 ዋት፣ በ2018 የወጣው 802.3ቢቲ እስከ 90 ዋት ይደርሳል። ብዙ ፒቲዜድ ካሜራዎች ሞተር ስላላቸው የመጀመሪያው አይበቃቸውም፤ ካሜራው የሚፈልገውን ዋት በስዊቹ በሮች ልክ ደምሮ፣ ስዊቹ በአጠቃላይ ስንት ዋት እንደሚያወጣ ማየት ግድ ነው።

ጥቅሙ መብራት ሲጠፋ ይገለጣል። ካሜራዎቹ በየምሰሶው ከየሶኬቱ ቢሰኩ ኖሮ ለእያንዳንዳቸው ዩፒኤስ ያስፈልግ ነበር። ኃይላቸውን ከስዊቹ የሚያገኙ ከሆነ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያለ አንድ ዩፒኤስ ስዊቹን ይዞ ካሜራዎቹን ሁሉ ጄኔሬተር እስኪነሣ ያቆያል። ይህ ካልሆነ መብራት ተመልሶ ሲመጣ እያንዳንዱ ካሜራ ተነሥቶ ራሱን እስኪያስተካክል ስርጭቱ ባዶ ይሆናል።

የኬብሉ ምርጫም ቸል የሚባል አይደለም። የመዳብ ኔትወርክ ኬብል ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ሜትር ላይ ያበቃል። በገበያ ላይ ርካሽ ሆኖ የሚገኘው፣ ላዩ መዳብ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነው ሽቦ፣ ኃይል ሲጫንበት ይሞቃል፤ መንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅም ይበዛል። ሽቦውን በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ ነጣ ካለ ለካሜራ አይሆንም። ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዘረጋ ደግሞ የብርሃን ክር ይመረጣል። በክረምት መብረቅ በአቅራቢያ ሲወርድ ረጅም የመዳብ ሽቦ ኃይሉን ይሰበስብና ስዊቹንም ካሜራውንም ያቃጥላል፤ የብርሃን ክር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። እርግጥ ክሩ ኃይል ስለማያደርስ በሌላኛው ሕንፃ የራሱ ዩፒኤስ ያለው ስዊች ያስፈልጋል።

ኮምፒውተሩ በየትኛው በር ይወጣል?

ካሜራዎቹን ከላፕቶፕ የሚያዝ ቡድን ሌላ ወጥመድ አለበት። ላፕቶፑ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የኔትወርክ በር አለው፤ የኬብልና የዋይፋይ። ካሜራዎቹ በኬብሉ፣ ኢንተርኔቱ በዋይፋዩ ሲሆን ኮምፒውተሩ ትእዛዙን በየትኛው እንደሚልክ የሚወስነው አድራሻቸውን አይቶ ነው። የሶኒ ፒቲዜድ ካሜራዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የተለመደው አድራሻቸው 192.168.0.100 ሲሆን የፓናሶኒክ 192.168.0.10 ነው። የቤቱ ራውተርም በ192.168.0 የሚጀምር አድራሻ የሚሰጥ ከሆነ ሁለቱም በሮች አንድ ሠፈር ይመስሉታል፤ ትእዛዙ ካሜራ በሌለበት በዋይፋዩ ወጥቶ ሊቀር ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለካሜራዎቹ ሌላ ሠፈር መስጠት፣ ለምሳሌ በ192.168.50 የሚጀምር፤ አድራሻቸውን በእጅ መጻፍ፤ ጌትዌይ የሚባለውን ደግሞ ኢንተርኔት ባለበት በር ላይ ብቻ መሙላት። ሁለት ተመሳሳይ ካሜራ ከተገዛ በአንድ ጊዜ አይሰኩም፤ አድራሻቸው አንድ ስለሆነ ይጋጫሉ። አንዱን ሰክቶ፣ አድራሻውን ቀይሮ፣ ቁጥሩን በላዩ ላይ ለጥፎ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ነው። የኬብል መሰኪያ ለሌላቸው ቀጫጭን ላፕቶፖች የሚገዛው የዩኤስቢ መሰኪያ ያገለግላል፤ ኃይል ለመቆጠብ ራሱን እንዳያስተኛ ግን ቅንብሩን መዝጋት ያስፈልጋል።

ምስሉም በዚያው ኔትወርክ ከመጣ ሒሳቡ ይለወጣል። ምስልን በኔትወርክ የሚያስተላልፈው «ኤንዲአይ» የተባለ ዘዴ በሙሉ ጥራቱ ለአንድ የ1080 ካሜራ በሰከንድ ከ100 ሜጋቢት በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ የጊጋቢት ስዊች የግድ ነው። ትላልቅ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መውጣት የጀመረው የ2110 ደረጃ ያልታመቀ ምስል ስለሚያሳልፍ 10 ጊጋቢትና ከዚያ በላይ፣ እንዲሁም ሰዓትን በትክክል የሚቆጥሩ ካርዶች ይጠይቃል።

አየሩ

ዋይፋይ የሚያታልለው ልምምድ ላይ ጥሩ መሥራቱ ነው። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ጆይስቲኩ ወዲያው ይታዘዛል። በበዓሉ ቀን ሕዝቡ ከነስልኩ ይገባል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የማይደራረቡት ቻናሎች 3 ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። በዚያ ላይ የሰው ገላ ራሱ ሞገዱን ይውጣል። ግድ ከሆነ በ5 ጊጋኸርዝ፣ ለካሜራው ብቻ በተለየ መሣሪያ፣ ከሕዝቡ ራስ በላይ ከፍ ተደርጎ ይተከል፤ ካሜራውም ብዙ የማይዞር፣ ሰፊውን ገጽታ ብቻ የሚያሳይ ይሁን።

ከሌላ ከተማ ወይም ከውጭ አገር ሆኖ ማዘዝም ይቻላል። ብዙ የሞባይል ኔትወርኮች ግን አንድን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ስለሚያጋሩ ካሜራውን በቀጥታ ከውጭ መጥራት አይቻልም፤ ከካሜራው በኩል ያለ መሣሪያ ቀድሞ ቪፒኤን ከፍቶ መጠበቅ አለበት። ይህ ለደኅንነትም ይጠቅማል፤ የፋብሪካ የይለፍ ቃሉን ይዞ ለኢንተርኔት የተጋለጠ ካሜራ ማንም ሊያዝዘው ይችላል። በሳተላይት የሚደረግ ከሆነ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሳተላይት ትእዛዙንና የሚመለሰውን ምስል በድምሩ በግማሽ ሰከንድ ያህል ያዘገያቸዋል። በዚህ ርቀት በጆይስቲክ መከተል አይሞከርም። አስቀድሞ የተቀመጡ አቅጣጫዎችን በቁጥር መጥራት ይሻላል፤ «ወደ 3 ሂድ» የተባለ ካሜራ ቦታው ሲደርስ ራሱ ይቆማልና የ«ቁም» መዘግየት አያሳስበውም።

ይኸው ዘዴ ለቅርቡም ይሠራል። መስመሩ የሚያጠራጥር ከሆነ የመድረኩን፣ የመዘምራኑንና የሕዝቡን አቅጣጫ ቀድሞ ማስቀመጥ የጆይስቲኩን ሥራ ይቀንሳል።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ሕዝብ ከመግባቱ በፊት አንድ ፈተና ይደረግ። ካሜራው በዝግታ እየዞረ ሳለ የማዘዣው ኬብል ይነቀል፤ ወይም ዋይፋዩ ይጥፋ። ካሜራው ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? ኬብሉ ሲመለስ መቆጣጠሪያው በስንት ሰከንድ ያገኘዋል? በዚያ መካከል ዳይሬክተሩ የሚቀይርበት ሌላ ካሜራ አለው? መልሶቹ ከማንኛውም ካታሎግ በላይ ያስተምራሉ፤ ለሦስቱም መልስ ያለው ቡድን ርካሹን መንገድ ይዞም መግባት ይችላል።