ምሰሶው ሳይወድቅ

በዚህ ሳምንት የምናነበው ስለ አንድ አሮጌ ቤት ነው። ቤቱ ያለው በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ኮኪት አካባቢ ነው። ኮኪት ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። መንገዱ አልፎ የሱዳን ድንበር ይደርሳል።

የቤቱ ባለቤት አንዲት እናት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል። ማታ ማታ ከእኛ ጋር ይማራሉ። ሁላችንም «እማማ» እንላቸዋለን። በግንቦት ወር ሁለት ማታ ከትምህርት ቀሩ። ምን ሆኑ ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በእጃቸው ወስፌ ይዘዋል።

«ና እስቲ ልጄ፣ ይህን ጉድ እይልኝ» አሉኝ።

ወደ ውስጥ አስገቡኝ። የቤቱን ምሰሶ በወስፌው ወጉት። ወስፌው እስከ እጀታው ገባ! ምሰሶው ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ውስጡን ግን ምስጥ ጨርሶታል። የቀረው ቅርፊቱ ብቻ ነው።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ጣሪያውን የተሸከመው ይኸው ምሰሶ ነው። ክረምቱም ደርሷል። በዚህ አገር ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። የሣር ክዳን ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል። የተበላ ምሰሶ ደግሞ ያን ክብደት አይችልም። እማማ የሚተኙት ከምሰሶው አጠገብ ነው።

ይፍረስ ወይስ ይጠገን?

እማማ ለልጆቻቸው ስልክ አስደወሉ። ትልቁ ልጅ ገንዳ ውሃ አስተማሪ ነው። ሴቷ ልጅ መተማ ዮሐንስ ሻይ ቤት አላት። ትንሹ ጎንደር የሹፌር ረዳት ነው። ሦስቱም ለዓርብ ፈቃድ ጠይቀው ሐሙስ ማታ መጡ። ሴቷ ልጅ የዘጠኝ ዓመት ልጇንም ይዛ ነበር።

እራት ከተበላ በኋላ ክርክር ተነሣ።

«እማዬ፣ ቤቱ ይፍረስ» አለ ትልቁ። «አሮጌ ነው። ገንዳ ውሃ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ።»

እማማ ዝም ብለው ቆዩ። ቀጥለውም፣ «ይህን ቤት አባታችሁ ሲሠራው አንተ ጭቃ ታቀብል ነበር» አሉት። «ማሳዬ እዚህ ነው። ሰሊጤ እዚህ ነው። ከተማ ገብቼ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

ይህ ቤተሰብ የመጣው ከደጋ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ብዙ የደጋ ቤተሰቦች በሰፈራ ወደ መተማና ወደ ቋራ ወረዳዎች መጥተዋል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ይበልጣል። የመተማ ቆላ ግን ከ1000 ሜትር በታች ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ። ለደጋ ሰው ይህን መልመድ ቀላል አይደለም። እማማና ባለቤታቸው ግን ለመዱት። መጀመሪያ የተጠለሉት በራኩባ ነበር። ከዚያ ይህን ቤት ሠሩ። አሁን ቤቱ 20 ዓመት አልፎታል።

ሴቷ ልጅ መላ አመጣች። «ከመጣላት እንመርምረው» አለች። «ሌላውም እንጨት ተበልቶ ከሆነ ይፍረስ። ደህና ከሆነ ግን ይጠገን።»

በዚህ ሁሉም ተስማሙ። አንድ የጎረቤት ሽማግሌ ተጠሩ። እኚህ ሽማግሌ በሰፈሩ ብዙ ቤት ሠርተዋል። በፋኖስ ብርሃን የግድግዳውን ቋሚ እንጨት ሁሉ አንድ በአንድ በወስፌ ወጉ። በጣታቸውም አንኳኩ። ደህናው እንጨት «ቋ ቋ» ይላል። የተበላው «ዱብ ዱብ» ይላል። ከ24 ቋሚዎች የተበሉት 5 ብቻ ናቸው። የጣሪያው ወጋግራ ደህና ነው። እዚያ ላይ የምድጃው ጢስ ይደርሳል። ተባይ ደግሞ ጢስ አይወድም።

«ይጠገናል» አሉ ሽማግሌው።

እማማ ደብተራቸውን አወጡ። የሚያስፈልገውን ነገር በገዛ እጃቸው ጻፉ።

ምሰሶ 1
ቋሚ 5
ሽመል 20
ጠፍጣፋ ድንጋይ 1
ሣር 15 ሸክም
ጭድ 4 ጆንያ

ትልቁ ልጅ ወረቀቱን አየ። እናቱንም አየ። ምንም አልተናገረም።

ምስጥ እንዴት ይበላል?

ምስጥ ትንሽ ነፍሳት ናት። ብቻዋን አትኖርም። በብዙ ሺህ ሆና በአንድ ጎጆ ትኖራለች። ብርሃንና ደረቅ አየር አትወድም። ስለዚህ ወደ እንጨት ስትሄድ ከአፈር የተሠራ መሸፈኛ መንገድ ታበጃለች። በግድግዳ ላይ የአፈር መስመር ካያችሁ የምስጥ መንገድ ነው።

ምስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ነው። እንጨቱ መሬት ውስጥ ከተቀበረ መንገዱ አይታይም። ሰው ሳያውቅ ውስጥ ለውስጥ ይበላል። የእማማም ምሰሶ የተበላው እንደዚህ ነው። አባትየው ምሰሶውን አንድ ክንድ ቀብረውት ነበር።

ሁሉም እንጨት እኩል አይበላም። ጠንካራ እንጨት ይዘገያል። በመተማ ቆላ ዞጲ በጥንካሬው የታወቀ ነው። ነገር ግን ዞጲ ቶሎ አያድግም። ስለዚህ ያለውን ዞጲ መቁረጥ አይገባም። ለእማማ ቤት ከጎረቤት ማሳ የወደቀ ደረቅ ክርክራ ተገኘ።

ዓርብ፦ ምሰሶው ተነቀለ

ዓርብ ጠዋት ሥራ ተጀመረ። ትልቁ ልጅ ቸኮለ። ቆፈር ቆፈር አደረገና አሮጌውን ምሰሶ ለመንቀል አቀፈው።

«ተው!» ብለው ጮሁ ሽማግሌው። «ጣሪያው በላያችን እንዲወርድ ነው? መጀመሪያ ድጋፍ!»

ልጁ ደንግጦ ለቀቀ። እውነትም ምሰሶ ከመነቀሉ በፊት ጣሪያው በሌላ ነገር መደገፍ አለበት። አራት ጠንካራ ባላ እንጨቶች ተቆረጡ። በምሰሶው ዙሪያ በአራት በኩል ቆሙ። እያንዳንዱ ባላ በሥሩ ድንጋይ ተደረገለት። አለበለዚያ መሬት ውስጥ ይሰምጣል። ሕፃኗና እማማ ከቤት እንዲወጡ ተደረገ። ዕቃውም ሁሉ ወጣ።

ከዚያ አሮጌው ምሰሶ ተነቀለ። የታችኛው ግማሽ እንደ ጭድ ቀለለ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ አንሥታ ተሸክማው ሄደች። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ለካ ቤቱን ተሸክሞ የነበረው ይህ ነው!

የምሰሶው ቁመት በገመድ ተለካ። አዲሱ ክርክራ ተላጠ። ቅርፊት የምስጥና የሌላም ተባይ መደበቂያ ነው። ስለዚህ መላጥ አለበት። ጉድጓዱ በድንጋይና በጠጠር ተሞልቶ ተደቀደቀ። በላዩ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀመጠ። ድንጋዩ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ይላል። አዲሱ ምሰሶ የቆመው በድንጋዩ ላይ ነው። መሬት አይነካም።

«ድንጋይ ምስጥ ይከለክላል?» ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው።

«አይከለክልም» አሉኝ። «ምስጥ ድንጋይም ትወጣለች። ግን ስትወጣ መንገዷ ይታያል። ያን ጊዜ ታፈርሰዋለህ።»

ቁም ነገሩ ይህ ነው። ድንጋዩ ምስጥን አይገድልም፤ ይገልጣታል እንጂ።

አሥር ሰዓት ላይ ባላዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። አራተኛው ሲነሣ ጣሪያው «ቋ» አለ። ሁላችንም ወደ በሩ ዘለልን። ሽማግሌው ግን አልተንቀሳቀሱም። «ተቀመጠ» አሉ። እውነትም ክብደቱ በአዲሱ ምሰሶ ላይ ተቀመጠ።

ቅዳሜ፦ ጭቃና ሣር

በማግሥቱ አምስቱ ቋሚዎች ተተኩ። የተሰበረው ማገር በሽመል ተጠገነ። ከዚያ ምርጊት ሆነ።

የመተማ መሬት ብዙው ዋልካ ነው። ዋልካ ሲርስ ያብጣል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዋልካ ብቻውን ለምርጊት አይሆንም። እማማ ይህን ያውቃሉ። ዋልካውን ከወንዝ አሸዋና ከጭድ ጋር ደባልቀው፣ ውሃ እያጠጡ ሦስት ቀን አቆይተውት ነበር። ትንሹ ልጅና የእኅቱ ልጅ ጭቃውን በእግራቸው ረገጡ። ሴቷ ልጅና እማማ መረጉ። የመጨረሻው ልባስ እበትና አመድ ነው።

የግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ ተደፈነ። ስንጥቅ የተባይ መደበቂያ ነው። በዚህ ቆላ ካላዛር የሚባል በሽታ እንዳለ አትርሱ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ከወባ ትንኝ ታንሳለች። ስትበር ድምፅ የላትም። ቀን በዋልካ ስንጥቅና በምስጥ ኩይሳ ትደበቃለች። ማታ ወጥታ ትናከሳለች። ቤት መምረግ ብቻውን አይበቃም። ማሳ ውስጥም ሆነ ደጅ ስትተኙ አጎበር ተጠቀሙ። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሆድም በጣፊያ በኩል ካበጠ፣ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። ከታከመ ግን ይድናል።

ቀጥሎ ክዳኑ ተጠገነ። ሣር በግንቦት አይገኝም። የሚታጨደው ከዝናብ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። እማማ በታኅሣሥ ያሳጨዱትን ሣር በድንጋይ ላይ በተሠራ ቆጥ አስቀምጠው ነበር። የበሰበሰው ሣር ወረደ። አዲሱ ተተካ። ትልቁ ልጅ ቆርቆሮ እገዛለሁ ብሎ ነበር። እናቱ ግን «ቆርቆሮ በሚያዝያ ምጣድ ነው» አሉት። የሣር ክዳን ሙቀት አያሳልፍም። ነገር ግን በየጊዜው መጠገን ይፈልጋል፤ እሳትም ይፈራል። እያንዳንዱ ጥቅምም ጉዳትም አለው።

በመጨረሻ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ተቆፈረ። የጣሪያው ውሃ ከግድግዳው ሥር እንዳይቆም ነው። እርጥብ መሬት ምስጥ ይስባል።

የጭቃ ቤት ዕድሜው አጭር ነው የሚል ሰው አለ። እውነት አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ፣ በማሊ አገር፣ ጄኔ የምትባል ከተማ አለች። በዚያ ያለው ትልቅ መስጊድ በሙሉ የጭቃ ነው። አሁን ያለው ሕንፃ የተሠራው በ1907 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ ተሰብስቦ ይመርገዋል። ግንበኞችና ወጣቶች ግድግዳው ላይ ይወጣሉ። ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ። መስጊዱ ከ100 ዓመት በላይ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

እሑድ፦ ዕረፍት

እሑድ ሥራ የለም። «በሰንበት መሬት አይቆፈርም» አሉ እማማ። ዕቃው ወደ ቤት ተመለሰ። የማሽላ እንጀራ በባምያ ወጥ ቀረበ። ሽማግሌውም ተጠሩ። እኔም አልቀረሁም።

ቡና እየተጠጣ እማማ ከምድጃው ከሰል አነሡ። ወደ አዲሱ ምሰሶ ሄዱ። ቀስ እያሉ ጻፉ፦ ግንቦት። ከሥሩ የባላቸውን ስም ጻፉ። ከዚያ የሦስት ልጆቻቸውን ስም ጻፉ። በአንዱ ፊደል ተሳሳቱ። በጣታቸው አጥፍተው እንደገና ጻፉት።

ትልቁ ልጅ ቆሞ አነበበ። «እማዬ፣ ገንዳ ውሃ ነይ ማለቴን አልተውኩም» አለ። «ግን በየወሩ መጥቼ ይህን ድንጋይ አያለሁ።»

«እኔ በየሳምንቱ አየዋለሁ» አሉ እናቱ። «አንተ እኔን ለማየት ና።»

በሰኔ መጀመሪያ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። በማግሥቱ ማታ እማማ ትምህርት ቤት ከሁሉም ቀድመው ተገኙ። «ቤቱስ?» አልኳቸው። «አንድ ጠብታ አልገባም» አሉኝ። ደብተራቸውንም ገለጡ።

ውድ አንባቢያን! ክረምት ሳይገባ የየቤታችሁን ምሰሶ በወስፌ ፈትኑ። የግድግዳውን ሥር እዩ። የአፈር መስመር ካለ አፍርሱት። ምሰሶ መቀየር ካስፈለገ መጀመሪያ ደግፉ። ብቻችሁን አትሥሩ፤ ጎረቤት ጥሩ።

ጥያቄዎች

1. እማማ ምሰሶው መበላቱን በምን አወቁ?
2. ምሰሶ ከመነቀሉ በፊት ምን መደረግ አለበት?
3. ምሰሶው ለምን በድንጋይ ላይ ቆመ?
4. ዋልካ ብቻውን ለምርጊት የማይሆነው ለምንድን ነው?
5. ትልቁ ልጅ ቤቱ ይፍረስ አለ፤ እናቱ ይጠገን አሉ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ተወያዩበት።
6. ለቤታችሁ ጥገና የሚያስፈልገውን ነገር በደብተራችሁ ጻፉ።