ለመስከረም ማሳ ቀላል ቦት ጫማ እንዴት ይመረጣል?

መስከረም ሲጠባ የማሳው ጭቃ ገና አይደርቅም። በባዶ እግር ማረም ግን ለጉዳት ይዳርጋል። ከእሳተ ገሞራ አለት የተፈጠረ ቀይ አፈር እግርን ለዓመታት ሲነካ፣ ፖዶኮኒዮሲስ የተሰኘውን የእግር እብጠት ሊያስከትል ይችላል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጫማ በማዘውተርና እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና በመታጠብ መከላከል ይቻላል።

ቦት ጫማ ሲገዛ በቅድሚያ ክብደቱን ማየት ያሻል። ከባድ ቦት ጭቃ ሲጨመርበት ያደክማል፤ የደከመው አርሶ አደርም አውልቆ በባዶ እግሩ ሥራውን ይቀጥላል። እግር በቀን ሥራ ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ ካልሲ አድርጎ መለካት ይመረጣል፤ ከጣቶች ፊት የአንድ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል። እንዳያንሸራትትም ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። ላስቲክ ላብ ስለሚይዝ ማታ ጫማውን ማናፈስ፣ ካልሲውንም መቀየር ያስፈልጋል።