እሳቱ ውስጥ ስንት ሰው ገባ?

ቢቸና ውስጥ የጎረቤታችን ቤት የተቃጠለው ሌሊት ነበር። «ያገር ያለህ! እሳት!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቱ በጀሪካንና በባልዲ ውሃ ያመላልሳል፤ ወንዱ አፈር ይዝቃል፤ ወጣቶቹ እሳቱ ወደሚቀጥለው ቤት እንዳይሻገር ጣራ ላይ ወጥተው ቆርቆሮ ይገነጥላሉ። ከመካከላቸው አንዱ በሩን ገንጥሎ ገባ። ጥቂት ቆይቶ የቤቱ ባለቤት «ያ የገባው ልጅስ? ልጄ ወጣ ወይ?» ብለው ሲጮኹ እርስ በርስ ተያየን። ወጥቷል ያለ ነበር፤ የለም፣ አልገባም ያለም ነበር። ልጁ በጓሮ በኩል በባዶ እግሩ እያሳለ ብቅ አለ። እስከዚያ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ «ውስጥ አንድ ሰው አለ» ብሎ የሚቆጥር አልነበረም።

ስለ እሳት አደጋ ሠራተኞች ደኅንነት በተነሣ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ በር ነው። ከተሞቻችን ውስጥ ቤት ሲቃጠል የሚጠየቀው «መኪና አለ ወይ?» ነው። መኪናው ስንት ሰው ይዞ እንደሚወጣ፣ ስንቱ እንደሚገባና ስንቱ ውጭ እንደሚቀር የሚጠይቅ ግን ብዙም አልሰማም። የሰው ሕይወት የሚያልፈው እዚህ ቁጥር ላይ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ የውሃ መኪና ሦስት ሰው ይዞ ደረሰ እንበል። ሾፌሩ ፓምፑን ይዟል፤ እሱ ከዚያ ከተነሣ ውሃው ይቆማል። የቀሩት ሁለቱ ቱቦውን ይዘው ቢገቡ፣ ኮርኒሱ ቢወርድባቸው ገብቶ የሚያወጣቸው የለም። አንዱ ብቻ ቢገባ ደግሞ በጭስ ውስጥ በውሃ የተሞላ ቱቦ ብቻውን እየጎተተ ሰው ሊፈልግ ነው። ስለዚህ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሻሻሉት የሥራ ደኅንነት ደንብ፣ መተንፈሻ መሣሪያ አድርገው ወደሚነድ ቤት የሚገቡ ሰዎች ከሁለት እንዳያንሱ፣ እነሱን ለማውጣት የተዘጋጁ ሁለት ሰዎችም ውጭ እንዲቆሙ አዘዙ። የዚያው አገር የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት ደግሞ፣ ለሙከራ በተሠራ መኖሪያ ቤት ላይ ከ60 ጊዜ በላይ ሞክሮ፣ አራት ሰው ያለው ቡድን ሥራውን ሁለት ሰው ካለው በሰባት ደቂቃ፣ ሦስት ሰው ካለው በአምስት ደቂቃ ያህል ቀድሞ እንደሚጨርስ አሳየ።

ሰባት ደቂቃ በእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ቤቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ማገሩም ወራጁም ባሕር ዛፍ ነው። ግድግዳው በጭድ በተቦካ ጭቃ ተመርጓል፤ ጭቃውስ ለእሳት ይጠነክራል፣ ከላይ የተወጠረው የማዳበሪያ ኮርኒስ ግን አንዴ ከተያያዘ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ፍራሹ ስፖንጅ ነው፤ ጭሱ መርዝ ነው። ቆጣሪው ከበሩ ራስ ላይ ተሰቅሏል፤ መብራቱ ሳይቆረጥ ውሃ የሚረጭ ሰው በገዛ እጁ ኤሌክትሪክ ይጠራል። ቤትና ቤት የሚዋሰኑት በአንድ ግድግዳ ነው። ክፍል ውስጥ የተነሣ እሳት በደቂቃዎች ውስጥ ክፍሉን ሙሉ በአንድ ጊዜ ሊይዘው ይችላል። ባለሙያው በጀርባው የተሸከመው «የሠላሳ ደቂቃ» የሚባለው አየርም ሥራው ከከበደ ከዚያ ቀድሞ ያልቃል።

ከሩቅ ርዳታ መጠበቅም አያዋጣም፤ ቢቸናና ሞጣ ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ከባሕር ዳር ርዳታ ይምጣ ቢባል ሞጣ ለመድረስ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እስኪደርስ የሚቀረው አመድ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ከተሞች ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው፤ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ አፉን በነጠላ ሸፍኖ።

ሞጣ ሌላም ነገር አሳይታናለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ላይ ቃጠሎ ተነሣ መባሉን ተከትሎ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጠሉ። ያን ቀን ሳስብ የሚያንገበግበኝ ዋናው ነገር በደሉ ነው። ግን አንድ የሙያ ጥያቄም አብሮ ይመጣብኛል፦ እሳት በተለያየ ቦታ ሲነሣ፣ ሕዝብ ተቆጥቶ አደባባይ ሲወጣ፣ በቁጥር ጥቂት የሆኑ ባለሙያዎች የቱ ጋ ይደርሳሉ? እነሱንስ ማን ይጠብቃቸዋል? ከዚህ በላይ ደግሞ፣ የእሳትን መነሻ መርምሮ «ከዚህ ተነሣ» ብሎ ለሕዝብ የሚናገር የታመነ ባለሙያ በከተማው ቢኖር ወሬው እንዲያ ባልሮጠ ነበር ብዬ አምናለሁ። የሰው ኃይል ስል ቱቦ የሚይዘውን ብቻ ማለቴ አይደለም።

አዲስ አበባም ብትሆን አልቀለላትም። የ939 የአደጋ ጥሪ ስልክና የተደራጀ የእሳት አደጋ ኮሚሽን እያላት፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ የመንገዱ ጥበትና የሱቆቹ መጠጋጋት ሥራውን ከባድ አድርጎት ነበር።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ የመንግሥት ሠራተኛው ግን በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደረው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት የሥራ ደኅንነትና ጤንነት 155ኛ ስምምነት የሕዝብ አገልግሎትንም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ሠራተኛነት ራሱ ካንሰር እንደሚያመጣ ወስኗል። ስለዚህ ልብሱም፣ መተንፈሻውም፣ ከሥራ በኋላ የሚታጠቡበት ውሃም የሠራተኛው መብት ነው።

አንድ መኪና ቀንና ሌሊት አራት ሰው እንዲኖረው ከተፈለገ፣ በስምንት ሰዓት ፈረቃ 12 ሰው ይጠይቃል፤ ዕረፍትና ሕመም ሲታሰብ ደግሞ ከዚያ በላይ። ከተማ መኪና ሲገዛ የእነዚህን ሰዎች ደመወዝ በዚያው ዓመት በጀት ካልያዘ መኪናው ግቢ ውስጥ ይቆማል። ይህ እስኪሆን ደግሞ እድሮቻችን አሉ። የአባላት መዝገብ አላቸው፤ ጥሩንባ ነፊ አላቸው። ከየእድሩ ጥቂት ወጣት ሠልጥኖ፣ ጫማና ጓንት ተሰጥቶት፣ ቢያንስ አንዱ በሩ ላይ ቆሞ የገባውንና የወጣውን ቢቆጥር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

በማግሥቱ ጠዋት፣ እዚያው ቢቸና፣ ሰው ተሰብስቦ የተረፈውን ቆርቆሮ እየቆጠረ ለየብቻ ይደረድር ነበር። ያ ልጅ አጥሩ ሥር ተቀምጧል። የውስጥ እግሩን ሚስማር ወግቶት በጨርቅ አስሮታል። ለመንጋጋ ቆልፍ መርፌ የከፈለው ከራሱ ኪስ ነበር።