በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የአንድ ቀን የእግር ጉዞና የድንኳን አዳር
የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የአገር ሀብት ነው።

ጎብኚዎች ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ደባርቅ ከተማ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያ ክፍያ ፈጽመው ከጥበቃ ሠራተኛ (ስካውት) ጋር ጉዞ ይጀምራሉ። በማለዳ ከሳንቃበር ካምፕ የተነሣ ተጓዥ የጅንባርን ፏፏቴና የጭላዳ መንጋዎችን እየተመለከተ ከቀትር በኋላ ግጭ ካምፕ ይደርሳል።

የካምፕ ሥፍራዎቹ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆናቸው አየሩ ስስ፣ ሌሊቱም እጅግ ቀዝቃዛ ነው። ስለሆነም ዝግ ብሎ መጓዝ፣ በቂ ውኃ መጠጣትና ወፍራም ልብስ መያዝ ያስፈልጋል። ከጉዞ በፊትም የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ፓርኩ በዋልያ ቁጥር መመናመንና በሰፈራ መስፋፋት ሳቢያ በ1989 ዓ.ም በአደጋ ላይ ከሚገኙ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2009 ዓ.ም ነበር። በ2011 ዓ.ም የተነሣው ቃጠሎም ሣርና ቁጥቋጦው በቀላሉ እንደሚጋይ አሳይቷል። በመሆኑም ከተፈቀደው ሥፍራ ውጪ እሳት አለመለኮስ፣ ቆሻሻን ይዞ መመለስና ከመንገድ አለመውጣት በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ የማይገኘውን ዋልያ ከመጥፋት ለመታደግ የእያንዳንዱ ጎብኚ ድርሻ ነው።