ለሆሳዕና መንገድ የሚሆነው ጎማ የትኛው ነው?

ሐምሌ ላይ ከሆሳዕና አስፋልት ወርዶ ወደ ገጠር ቀበሌ የታጠፈ ፒክአፕ ብዙም ሳይርቅ ጎማው ጥርስ ይኑረው አይኑረው መለየት ያቅታል። የሐዲያና የከምባታ ደጋ ቀይ አፈር ሲረጥብ እንደ ቡኮ ይጣበቃል። በጥርሶቹ መሃል ያለውን ክፍተት ይሞላና ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ጭቃ በጭቃ ላይ ነው የሚንሸራተተው፤ ፎር ዊል ማስገባቱም ብዙ አይረዳም።

ስለዚህ ጎማ ሲገዙ ከጥርሱ ትልቅነት ይልቅ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይዩ። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ጎማው ሲሽከረከር ጭቃውን እየወረወረ ራሱን ያጸዳል። ኤም ቲ የሚባለው የጭቃ ጎማ የተሠራው ለዚህ ነው። ኤች ቲ የሚባለው ጠባብ ክፍተት ያለው የአስፋልት ጎማ ሲሆን፣ ኤ ቲ በሁለቱ መካከል ነው።

ታዲያ ሁሉም ሰው የጭቃ ጎማ ይግዛ? እኔ አልመክርም። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል ሆሳዕና ለመግባት 230 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ይነዳል። የጭቃ ጎማ ክፍተቱ ሰፊ በመሆኑ አስፋልቱን የሚነካው ጎማ ትንሽ ነው፤ ዝናብ ላይ ፍሬን ሲያዝ ርቆ ይቆማል፣ ይጮኻል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። መስከረም ላይ ለያሆዴ ወይም ለመሳላ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ አገሩ የሚገባ ሰው የሚያሰጋው እርጥቡ አስፋልት ነው። መጨረሻ ላይ ጭቃ ቢይዘው የሰፈሩ ልጆች ገፍተው ያወጡታል። ለእሱ ኤ ቲ ይበቃዋል። ኤም ቲ የሚገባው ክረምት ከበጋ ከወረዳ ወረዳ ለሚመላለስ መኪና ነው።

አሁን በጎማው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ እናንብብ። 265/65 አር 17 የሚለው የብዙ ሃይሉክስና ፕራዶ ልክ ነው። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ደግሞ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 172 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። የላይና የታች ጎኑ ከቸርኬው ጋር ሲደመር ጎማው ከጫፍ እስከ ጫፍ 776 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 265/70 አር 16 ቢሰላ ደግሞ 777 ይመጣል። ቁመታቸው አንድ ነው፤ ባለ 16ቱ ግን ጎኑ ወደ 186 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ ድንጋይ ላይ ሲወርድ ቸርኬውን የሚያድን ተጨማሪ ጎማ አለው። መኪናዎ ሁለቱንም ቸርኬ የሚቀበል ከሆነ ለኮረኮንች ባለ 16ቱን እመርጣለሁ።

ስፋት መጨመር ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም። የድሮው ላንድክሩዘር 7.50 አር 16 ጎማ ቀጭን ነው፤ ላዩ ረጥቦ ከስሩ ጠንካራ መሬት ባለበት መንገድ ጭቃውን ሰንጥቆ ጠንካራውን ይይዛል። ሰፊው ጎማ የሚያሸንፈው ከስር የሚያዝ ነገር በሌለበት ጥልቅ መረሬ ላይ ነው።

ከልኩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የጭነት አቅም መለያ ነው። 112 ማለት አንድ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ይህም ንፋሱ በቂ ሲሆን ነው። ከዶዮገና አሥር ኩንታል ድንች የጫነ ፒክአፕ ክብደቱ በአብዛኛው ያረፈው በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ነው። ከፋብሪካው ቁጥር ያነሰ ጎማ ርካሽ ቢሆንም አይግዙ።

ብዙ ሰው የሚሸወድበት ግን የምርት ቀኑ ነው። ዲ ኦ ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዞች አሉ። 3517 ቢል በ2017 በ35ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው፤ ይህ 2017 ግን የፈረንጆቹ ነው። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2009 መሆኑ ነው። በእኛ 2017 ነው ብሎ የሚያነበው ሰው ካሰበው በላይ ስምንት ዓመት ያህል ያረጀ ጎማ በአዲስ ዋጋ ይገዛል። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፤ አየርና ሙቀት ላስቲኩን ያደርቁታል፣ ጎኑ ላይ ደቃቅ ስንጥቅ ይወጣል። በቅባት ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ ጎማ ከሆነ ጎኑን በጣት ጨፍልቀው ስንጥቁን ይፈልጉ።

አራቱንም በአንድ ልክና በአንድ ዓይነት መግዛት ይሻላል፤ በተለይ ፕራዶ ሁልጊዜ በአራቱም ስለሚነዳ የቁመት ልዩነት ዲፈረንሻሉን ይፈጀዋል። ገንዘቡ ካልበቃ ጥንድ ጥንድ አድርገው በአንድ አክሰል ላይ ይግጠሙ።

ጭቃ ላይ ሲጨነቁ ንፋሱን ከ35 ወደ 20 ፒ ኤስ አይ ገደማ ዝቅ ማድረግ ጎማውን አስረዝሞ መሬት ያስይዘዋል። አስፋልት ላይ ከመውጣትዎ በፊት ግን መልሰው ይሙሉት፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ጎኑ ግሎ ይፈነዳል። ለዚህ በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ ይያዙ። ስኮርታውም እንደ አራቱ ተመሳሳይ ልክ ይሁን፤ በሶሮ በኩል ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲወርዱ ጎሚስታ በየመንደሩ አይገኝም።