ስለ እግርና ስለ እጅ መደንዘዝ

በማኅሌት ወይም በጸሎት ረጅም ሰዓት በአንድ ዓይነት አቀማመጥ የቆየ ሰው ሲነሣ እግሩ ደንዝዞ ጥቂት ይንገዳገዳል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ስሜትን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ የተባለው ክር በክብደት ተጭኖ ለጊዜው ሥራውን ስላቋረጠ ነው። እግሩን ሲያፍታታ ጉንዳን የወረረው ያህል ይሰማውና ወደ ቀድሞው ይመለሳል። እኛ የምንናገረው ግን ስለማይመለሰው መደንዘዝ ነው።

ብዙ ሰው የሚጠዘጥዝ ጥርስና የሚወጋ ጎን ይዞ ወደ ሐኪም ይሮጣል፤ የደነዘዘውን እግር ግን «ብርድ ነው» ብሎ ይተወዋል። አያመውምና። አደጋውም ይኸው ነው። ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው በሌለበት እግር እሾህ ቢገባ፣ ፍም ቢነካው፣ ጫማ ቢልጠው ባለቤቱ አያውቅም። ቁስሉ የሚታወቀው ካመረቀዘ በኋላ ይሆናል።

ከምክንያቶቹ አንዱና ዋናው የስኳር በሽታ ነው። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ለዓመታት ሲቆይ ነርቮችን ይጎዳል። አስቀድመው የሚጎዱት ረጅሞቹ ስለሆኑ መደንዘዙ ከእግር ጣቶች ይጀምርና በሁለቱም እግሮች ልክ እንደ ካልሲ ወደ ላይ ይወጣል፤ እጅን የሚይዘው ዘግይቶ ነው። ስኳር እንዳለበት በዚህ ምልክት የተረዳ ሰው ጥቂት አይደለም።

በአገራችን ስሙ ሲጠራ የሚያስፈራ ሌላም ምክንያት አለ፤ የሥጋ ደዌ። ምልክቱ ብዙ ጊዜ በቆዳ ላይ የሚታይ፣ ሲነኩት የማይሰማ፣ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ቦታ ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 የበሽታውን ተሕዋስ ካገኘ ወዲህ፣ እርግማን ነው ወይም በዘር ይወርዳል የሚለው ወሬ መሠረት አጥቷል። በአዲስ አበባ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ሆስፒታል ቦታ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርትም ለዚህ በሽታ ሕክምናና ለባለሙያዎች ማሠልጠኛ የታሰበ ነበር። መድኃኒቱ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ መውሰድ የጀመረም ሰው ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። ነገር ግን የሞተ ነርቭ በቀላሉ አይመለስምና፣ ኀፍረት ይዞት የሚሸሸግ ወገናችን የሚጎዳው ራሱን ነው። ጣትን የሚያሳጣው፣ ሰው እንደሚያስበው የሥጋ መርገፍ ሳይሆን፣ በጋለ ምጣድና በስለት ሳያውቁ የሚደርስ ጉዳት ነው።

ጾመኛ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ነገርም አለ። ቫይታሚን ቢ 12 የተባለው ለነርቭ አስፈላጊ ንጥረ ነገር የሚገኘው በሥጋ፣ በዓሣ፣ በወተትና በእንቁላል ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ስለሚያኖር፣ በፍስክ ቀን ደኅና አድርጎ የሚበላን ጤነኛ ሰው አንድ የጾም ወራት ብቻውን አይጎዳውም፤ ጾምን መንቀፍ የሚወድ ሰው ይህን ለክርክር አያንሣብን። ዓመቱን ሙሉ ከእነዚህ ምግቦች የሚርቅ፣ ያረጀና ሆዱ ንጥረ ነገሩን መምጠጥ ያቃተው፣ ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ግን ደሙን ቢያስመረምር መልካም ነው። የንስሐ አባትም ይህን ሰምተው ለሕመምተኛው የሚገባውን ይወስናሉ።

አረቄ ማብዛትም ነርቭን ይጎዳል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናይዚድም እንዲሁ ሊያደነዝዝ ይችላል፤ ሐኪሙ ቫይታሚን ቢ 6 ይጨምርለታል እንጂ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም። ሌሊት ከአውራ ጣት እስከ መካከለኛው ጣት ደንዝዞ የሚያነቃ እጅ፣ በተለይ በነፍሰ ጡር ሴት፣ አብዛኛውን ጊዜ አንጓው ላይ የተጨመቀ ነርቭ ነው።

በድንገት በአንድ ወገን ብቻ የደነዘዘ፣ አፍ ያጣመመ፣ ንግግር ያጎላደፈ እንደ ሆነ ግን ይህ የአንጎል ደም ሥር ጉዳት ነውና በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ጸበሉ አይቀርበትም፤ በኋላ ይደርሳል።

ስሜቱ ለጠፋ እግር ቤተሰቡ ዓይን ይሁነው። አባቶቻችን ማታ ማታ የሽማግሌን እግር ማጠብ ለልጆች ያስተማሩት ሥርዓት ዛሬም ጠቃሚ ነው። ልጁ ውኃውን በራሱ ክርን ይለካ፤ ውስጥ እግሩንና በጣቶች መካከል ያለውን በብርሃን ይመልከት፤ አድርቆም ሲጨርስ ጠዋት የሚጫሙትን ጫማ ገልብጦ ያራግፈው።